ባለ ሻኛዋ ጉማሬ

ካርታ ሠሪዎች ሲደርሱበት ቀለም አልቆባቸው ሳይሰይሙት ያለፉት አንድ አገር ነበረ፤ እኛም ስሙን ሳንጠይቅ እንለፍ። በዚያ አገር ሰው የሚያየውን ነገር ራሱ አይመርጥም ነበር። ምን መታየት እንደሚገባውና ምን ዓይን እንደሚያቆሽሽ የሚወስን አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ቤተ ርእይ ይባላል።

ቤተ ርእይ ቀይ መጽሐፍ ነበረው። በቀዩ መጽሐፍ ሕግ መሠረት አንድ ነገር «የሚጎበኝ» ተብሎ እንዲመዘገብ በመንግሥት ለኪ ሦስት ጊዜ መታየት አለበት። መጀመሪያ የእግር እይታ ነው፤ ለኪው ነገሩን እየዞረ በገመዱ ይለካዋል። ቀጥሎ የወንበር እይታ ይመጣል፤ ተቀምጦ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያየዋል። መጨረሻው የጀርባ እይታ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለኪው ጀርባውን ለነገሩ ሰጥቶ ይቆማል፤ ሸፋኙ የሚባለው ሹም ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሞ ጮክ ብሎ እስከ መቶ ይቆጥራል። በሁለቱ እይታዎች የወደቀ ነገር እንኳ፣ ለኪው ለማየት ጓጉቶ መቶ ሳይሞላ ከዞረ፣ «አንደኛ ደረጃ ግርምት» ይባላል። ከዚያ ወዲያ የሚነካው የለም። ዳሩ ግን የዞረው ለኪ ገመዱን እዚያው ያስረክባል። «ባየው ነገር የተሸነፈ ሰው መልሶ ሊለካ አይችልም» ይላል መጽሐፉ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ለኪ ብቻ ዞሮ ነበር። እሱም ማጅራቱን ንብ ነድፎት እንደነበረ በሦስት ችሎት ተረጋግጦ ዙረቱ ተሻረ፤ ገመዱም ተመለሰለት።

ገላነህ ከቤተ ርእይ ለኪዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ፣ በጥንቃቄ ግን የሚስተካከለው ያልነበረ ሰው ነው። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ሁለቱ ልኬቶች አንድ ሲሆኑበት ደግሞ ተጠራጥሮ ሦስተኛ ይለካል። ያላየውን ጽፎ አያውቅም። ያየውንም ሲጽፍ «ይመስለኛል» የምትለዋን ቃል የት እንደሚያስገባ እያሰበ ብዕሩ ይደርቅበት ነበር።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ሠላሳ ዘጠኝ ነገሮችን ለክቷል። ጣሪያው በሙሉ ከጠርሙስ ቆርኪ የተሠራ፣ የጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት እንደ ጫጩት የሚንጫጫ ጠላ ቤት ነበር። ሰው በውስጡ ደረጃ ወጥቶ በጡቱ በኩል አገር የሚቃኝበት ባለ ሦስት ፎቅ ማንቆርቆሪያ ነበር። ባለቤቶቻቸው የጠፉባቸው የግራ እግር ጫማዎች ብቻ የሚንጠለጠሉበት፣ መንገደኛ ሁሉ ምናልባት የእኔ ይኖር እንደሆን ብሎ አንጋጦ የሚያልፈው አንድ ዋርካ ነበር። ሦስቱም ከቀዩ መጽሐፍ አልገጠሙም። ዛሬ ሦስቱም ከአረንጓዴ ቆርቆሮ ጀርባ ናቸው። ከቆርቆሮው ፊት ለፊት ደግሞ በአገሩ ከተሞች ሁሉ የሚተከለው ያው አንድ ዓይነት ባለ አራት ቀዳዳ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ቆሟል፤ የንጉሡ እንግዶች ከከተማ ከተማ ሲሄዱ ዓይናቸው እንዳይደናገር ተብሎ። ገላነህ ማንቆርቆሪያው ትዝ ባለው ቁጥር መዝገቡን ያወጣል። ልኬቱን ግን ቢከልሰው ቢከልሰው ስሕተት አላገኘበትም።

አርባኛው ነገር ደረቅ ጨፌ በምትባል ከተማ ያለች ጉማሬ ነበረች።

ወደዚያ ሲሄድ ሸፋኙ ደመረው እንደ ልማዱ ቆርቆሮ በጫነ መኪናው አሳፈረው። ደመረው ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን የሚወድ፣ ሳቂታ፣ መዶሻውን እንደ ልጅ የሚያቆላምጥ ሰው ነው።

«ወንድሜ ገላነህ» አለው በመንገድ ላይ፣ «ዘንድሮ አንድ ነገር እንኳ አሳልፍ እንጂ። ሰው ቆርቆሮ ነጋዴ ነህ እያለ ያማኝ ጀመር።»

«እኔ አላሳልፍም አልጥልም። ገመዱ ነው።»

«አይ ገመዱ! ገመዱ እኮ ዓይን የለውም።»

«ለዚህ ነው የሚታመነው» አለ ገላነህ። ይህን ካለ በኋላ ግን እስኪደርሱ ድረስ ልክ መናገሩን ሲጠራጠር ቆየ።

ደረቅ ጨፌ ስሟን በድሮ ዘመን ከነበረ ረግረግ ያገኘች፣ ዛሬ ውኃ ከሁለት ሰዓት መንገድ በአህያ የሚመጣላት ከተማ ናት። ጉማሬዋ አደባባዩ መሐል ቆማለች። ገላነህ ከመኪናው ወርዶ ገመዱን ሊፈታ እጁን ሰደደና እዚያው ቀረ። ቁመቷ ከቤቶቹ ጣሪያ ይበልጣል። በሲሚንቶ ተሠርታ ወይን ጠጅ ቀለም ተቀብታለች፤ ቀለሙ ባነሰበት በኩል ሐምራዊ፣ ባለቀበት በኩል ደግሞ ቡና ዓይነት ተደርጓል። አፏ እስከ ዳር ተከፍቷል። ጥርሶቿ አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ነጭ ሸክላ የእጅ መታጠቢያዎች።

የእነዚያ መታጠቢያዎች ነገር እንዲህ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በአገሩ ሁሉ «ውኃ በየቤቱ ሊገባ ነው» ተባለና ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ የእጅ መታጠቢያ ታደለ። ከበሮ ተመታ፣ ግድግዳ ተበሳ፣ መታጠቢያው ተሰቀለ። ቧንቧው ግን አልመጣም። አንዱ ቤት ሽንኩርት ያስቀምጥበታል፤ በሌላው ዶሮ ትፈለፍልበታለች። የገላነህም ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አለ፤ ማበጠሪያውንና ቁልፉን ያኖርበታል። በደረቅ ጨፌ ግን አደባባዩን የከበቡት አሥራ አንድ ቤቶች ተሰብስበው መከሩና «ውኃው ካልመጣ የውኃውን እንስሳ እናምጣ» አሉ።

የሠሯት ጋሼ ውድማጣስ የሚባሉ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። ለኪው ሲመጣ ኮታቸውን ለብሰው ጉማሬዋ ሥር ቆመው ጠበቁት። አጠገባቸው እትዬ ዘርፌ ነበሩ፤ ጥርሶቿን በየጠዋቱ የሚወለውሉት እሳቸው ናቸው።

ገላነህ የእግር እይታውን ጀመረ። ከአፍንጫ እስከ ጅራት አሥራ ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር። ጭንቅላቷን ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር ሲያስተያይ ደነገጠ፤ ጆሮዋ፣ ከላይ ጉብ ያሉት ዓይኖቿ፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ሁሉ በምጥጥን አንድ ጣት አልሳተም። ከአንገቷ ጀምሮ ያለው ግን ሌላ ነበር። ትከሻዋ ላይ ትልቅ ሻኛ ቆሟል። ጅራቷ ጭራ አለው። እግሮቿ ባለ ሰኮና ናቸው። ከሆዷ ሥር ደግሞ ባለ አራት ጡት ግት ተንጠልጥሏል፤ እያንዳንዱ ጡት በእንጨት ውታፍ ተደፍኗል።

«ጋሼ» አለ ገላነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉማሬ እኮ ሻኛ የለውም።»

«አይተኸው ታውቃለህ?»

«በመጽሐፍ።»

«እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወታደር ሳለሁ ሐይቅ ዳር ሰፍረን ነበር። አንድ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ብወርድ ይህ ጭንቅላት ከውኃ በላይ ሆኖ ያየኛል። ተያየን፤ ብዙ ተያየን። ከዚያ ሰጠመ። ያየሁትን ጣት ሳላጓድል ሠራሁት። ከውኃ በታች ያለውን ግን ማን አየ? እኔ የከብት ነጋዴ ልጅ ነኝ። ይህን የሚያህል ራስ የተሸከመ ከብት ያለ ሻኛ ይሄዳል ብዬ ልገምት እንዴ?»

«ግቱስ?» አለ ገላነህ።

«ሴት ናታ!» አሉ እትዬ ዘርፌ ጣልቃ ገብተው። «ወንድ ቢሆን ኖሮ አፉን እንዲህ ከፍቶ ዝም ይላል? እስካሁን አንድ ነገር ተናግሮ ሁላችንንም ያሳስረን ነበር።»

ደመረው ከመኪናው ላይ ሆኖ ሳቀ። ሳቁን ግን ቶሎ ሳል አስመሰለው፤ ሹም ነውና።

ገላነህ በላይኛው መንጋጋ በሰባተኛውና በስምንተኛው ጥርስ መካከል ባዶ ቦታ አገኘ። ለካው፤ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት። «ይህኛው ወልቆ ነው?»

«አልወለቀም፤ ገና አልበቀለም» አሉ ጋሼ ውድማጣስ። «የእንግዳ ጥርስ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብለን ተውነው።»

ይህን አልጻፈውም። ለኪ የሚነገረውን አይጽፍም። ጎንበስ ብሎ ግቱ ላይ ያሉትን ውታፎች ነካካና «እነዚህስ ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ብነግርህ ትጽፈዋለህ?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«አልጽፈውም እትዬ። ካላየሁ አልጽፍም።»

«እንግዲያ ምን አፌን ያደክመኛል? ሲመሽ ናና እይ።»

«ሲመሽማ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቆመው።»

እትዬ ዘርፌ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «የኔ ጌታ፣ ማን ነው እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣው? መቼም እናት ያለው ሰው አይደለም።»

ከቀትር በኋላ የወንበር እይታው ሆነ። ገላነህ ተቀምጦ ቀዩን መጽሐፍ ከፈተ። «ምስል ከሚመስለው ነገር አይለይ» ይላል አንቀጹ። ልኬቱን ሦስት ጊዜ ከለሰው። ራሷ አልፏል፤ ሰውነቷ ወድቋል። ደመረው በአደባባዩ ማዶ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ አውርዶ ግድግዳ አስደግፎ ነበር። የፏፏቴው አራት ቀዳዳም በሣጥን መጥቷል፤ የንጉሡ እንግዶች በሚያልፉበት ቀን ብቻ በቦቴ ውኃ ተሞልቶ የሚፈስ ነው።

ያኔ ገላነህ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ለአንድ ነገር ሊለምን ተነሣ።

«ጋሼ፣ ጉማሬ ናት አይበሉ። በስም የማትታወቅ እንስሳ ናት ይበሉ። ያኔ ሕጉ አይነካትም፤ የምትመስለው ነገር የለማ። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የነገሩን ስም የሚሰጠው ሠሪው ነው፤ እኔም ያሉትን አስገባለሁ።»

ጋሼ ውድማጣስ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ጉማሬዋ ራስ አንጋጠጡ። «ልጄ፣ ደግ ልብ አለህ» አሉ። «ግን ያ በሐይቁ ዳር ያየኝ ጉማሬ ነው። የሠራሁትም እሱን ነው። ከሻኛው ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ እሺ። ማን መሆኗን ግን አልተሳሳትኩም። ሰው ስሙን ክዶ ከሚተርፍ ከቆርቆሮ ጀርባ በስሙ ቢቆም ይሻላል።»

«ነገ ጠዋት እኮ ይሸፍኗታል።»

«ይሸፍኑ። እኛ ከቆርቆሮው ወዲያ ምን እንዳለ እናውቃለን።»

ገላነህ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቢዞር ጉማሬዋ ትድናለች፤ እሱ ግን ገመዱን፣ ከገመዱም ጋር በአገሩ ያለውን ብቸኛ ሙያውን ያጣል። ለመዞር ደግሞ አንገት ማዞር አይበቃም። ከዞረ በኋላ በቅጹ ላይ «ለምን ዞርክ?» የምትል ጥያቄ አለች። አዝኖ የዞረ፣ ተነድፎ የዞረ፣ ተለምኖ የዞረ ሁሉ ዙረቱ ይሻራል። ገላነህ ራሱን ያውቃል። በዚያች ጥያቄ ፊት መዋሸት እንደማይችል ያውቃል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ደመረው ፊት ለፊቱ፣ ዓይኑ ከገላነህ ትከሻ በላይ ጉማሬዋ ላይ እንዳረፈ መቁጠር ጀመረ። የደመረው አቆጣጠር የታወቀ ነው። እንደ መዶሻ እኩል ይመታል፤ ዘሎም ደግሞም አያውቅም።

«አንድ። ሁለት። ሦስት።»

ሠላሳ ላይ ሲደርስ ገላነህ ማንቆርቆሪያው ትዝ አለውና ልዙር አለ። ወዲያው ራሱን ጠየቀ፤ ለማየት ነው ወይስ ለማዘን? ለማዘን ነበር። አልዞረም። አርባ ላይ የጋሼ ውድማጣስ ሳል ተሰማውና ልዙር አለ። ይህም ኀዘን ነው። ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ሃምሳ ላይ ቁርጡን ዐወቀ። ይህች ጉማሬ ነገ ጠዋት ትሸፈናለች፤ እሱም አርባኛውን ልኬት በትክክል ጽፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አንገቱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው።

«ስልሳ አራት። ስልሳ አምስት። ስልሳ ስድስት።»

ከኋላው እግሮች ተሰሙ። በሮች ተከፈቱ። ከአሥራ አንዱ ቤት የወጣ ሰው በየአቅጣጫው ይመጣል፤ ዕቃ ይንኳኳል። አንድ ሰው «ቀስ በል፣ ከላይ አትድፋው» አለ። ቀጥሎ በዚያች ውኃ በሌላት ከተማ ውኃ በሸክላ ላይ ሲንኮለኮል ተሰማ። በአንድ ቦታ፣ ከዚያ በሌላ፣ ከዚያ በብዙ ቦታ። ወፎች ከየጣሪያው ግር ብለው ወረዱ።

«ስልሳ ስድስት» አለ ደመረው።

ገላነህ ጆሮውን ተጠራጠረ። ስልሳ ስድስትን ብሎት አልነበረም?

«ስልሳ… ሰባት» አለ ደመረው። ድምፁ መዶሻ መሆኑን ትቶ ነበር።

ያን ጊዜ ሌላ ድምፅ መጣ። ጥሽ… ጥሽ… ጥሽ… ጥሽ። በሁለት እጅ እየተፈራረቀ ባዶ ግሬራ ውስጥ የሚመታ ድምፅ። ላም ባለበት ያደገ ሰው ሁሉ ተኝቶም ቢሆን ያውቀዋል፤ የሚታለብ ግት ድምፅ ነው። ሲሚንቶ ሲታለብ የሰማ ሰው ግን በዓለም አልነበረም።

«ሰባ አንድ» አለ ደመረው፤ መካከል ላይ ስንቱን እንደ ዘለለ እሱም አያውቅ።

ገላነህ ዞሮ ነበር። መቼ እንደ ዞረ አልታወቀውም። ራሱን የጠየቀው ከዞረ በኋላ ነው።

አሥራ አንዱ ቤተሰብ በመሰላል እየወጣ የዕለቱን እጅ የታጠበበትን ውኃ እያንዳንዱ በገዛ ጥርሱ ላይ ያፈሳል። ወፎቹ በጥርሶቿ ዳር ተሰልፈው፣ ውኃው ከመውረዱ በፊት ይጠጣሉ። ውኃው በመታጠቢያዎቹ ቀዳዳ በጉሮሮዋ ይወርዳል፤ በሻኛዋ ውስጥ በታጨቀው አሸዋና ከሰል፣ በሆዷም ባለው ጠጠር ሲንቆረቆር አድሮና ውሎ ይጠራል። የትናንቱን ደግሞ እትዬ ዘርፌ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ውታፎቹን እየነቀሉ ያልቡታል። ሁለት ጥጃዎች ተራ ይጠብቃሉ። የታለበው ውኃ የጠራ ነበር፤ የማታዋ ፀሐይ ትታይበት ነበር።

ጋሼ ውድማጣስ ከውኃ በታች ያለውን ሲገምቱ የተሳሳቱት ስሕተት ሁሉ ሥራ ይሠራ ነበር።

«ዞርክ» አለ ደመረው በሹክሹክታ።

«ዞርኩ።»

«እንግዲህ… ገመዱን።»

ደመረው ገመዱን ሲቀበል እጁን ብቻ ነው የዘረጋው፤ ዓይኑ ከጉማሬዋ አልተነሣም። ከዚያ ቅጹን አወጣለት። ገላነህ «ለምን ዞርክ?» በምትለው ፊት ብዙ ቆየ። አዝኖ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አልዞረም። ተለምኖ አልነበረም። ንብም አልነበረም። በመጨረሻ «ይመስለኛል» የምትለውን ቃል ሳያስገባ ጻፈ፦ «ስትታለብ ሰምቼ ላያት።»

ይህ ጽሑፍ ቤተ ርእይ ሲደርስ ሰባት ጉባኤ ተቀመጠለት። አንዱ ሊቅ «ሰምቶ ነው የዞረው፤ መሥሪያ ቤታችን ደግሞ የማየት ነው እንጂ የመስማት አይደለም» አለ። ሌላው ጉማሬ መታለቧን የሚከለክል አንቀጽ ፈልጎ አጣ። በመጨረሻ በር ላይ የሚቀመጡ አንድ አረጋዊ ጸሐፊ፣ ሳይጠየቁ «ጌቶቼ፣ እናንተስ ብትሰሙ አትዞሩም ነበር?» አሉ። ማኅተሙ መጣ። ጉማሬዋ አንደኛ ደረጃ ግርምት ሆና ተመዘገበች።

ወዲያውም ቤተ ርእይ በአርባ ከተሞች አርባ ባለ ሻኛ ጉማሬዎች እንዲቆሙ አዘዘ። ሥዕሉ የተነሣው ከፊት ለፊት ስለ ነበር፣ አንዳቸውም ግት የላቸውም። እንግዶች አጠገባቸው ቆመው ፎቶ ይነሣሉ ይባላል።

ገላነህ በተከታዩ ዓመት መባቻ ወደ ደረቅ ጨፌ መጣ። መንግሥት ሳይልከው የሄደበት የመጀመሪያ መንገዱ ነበር። በጀርባው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አዝሏል። እትዬ ዘርፌ ከሩቅ ዐወቁት።

«ያ ጀርባውን የሚሰጠው ልጅ አይደለም? ጋሼ ውድማጣስ! ይውጡ፣ ፊቱን ይዞ መጥቷል!»

ጥቅሉን ሲፈታው ከቤቱ ግድግዳ የነቀለው የእጅ መታጠቢያ ነበር። ጋሼ ውድማጣስ መሰላል አቆሙ፤ ሲሚንቶ አቦኩ። ገላነህ ወጥቶ ከባዶው ቦታ ሲያስጠጋው አልገባም። በስንዝሩ ለካ፤ ሁለት ስንዝር ከስድስት ጣት ነው። ሁለት ጣት ይሰፋል። ቦታውን ለክቶ ሳለ፣ የገዛ ቤቱን መታጠቢያ ለክቶት አያውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ አልገጠመም» አለ ፊቱ ቀልቶ።

«አጋድመው።»

«ጠማማ ይሆናል እኮ።»

«ይሁና! ጥርስ ነው እንጂ ካሬ ሜዳ ነው? ድድ ይችለዋል።»

አጋደመው። ጠማማ ሆኖ ገባ። ሲመሽ በዚያች ጥርስ ላይ የራሱን እጅ የታጠበበትን ውኃ አፈሰሰና፣ ወርዶ በርጩማው አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ማንም አልቆጠረም።

ከውኃ በላይ ያለውን ይህን ያህል አየን። ከውኃ በታች ያለውን እንደ ጋሼ ውድማጣስ እያንዳንዱ ሰው እንደ ቤቱ ይገምት።